ግዙፉ ጭላዳና የራስ ቅሉ ምስክርነት

ከጅጅጋ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ባቢሌ ከመድረሱ በፊት የዳካታ ሸለቆ አለ። እዚያ ድንጋዮች መሃል የሚውለውን ዝንጀሮ ሶማሌው ዳኜር ይለዋል፤ ተመራማሪዎች ደግሞ ሐማድሪያስ በሚል ስም መዝግበውታል። ወንዱ ከትከሻው ላይ ብርማ ጎፈር ስለሚደርብ በመኪና መስኮት ለሚያየው መንገደኛ ግዙፍ አውሬ ይመስላል። ሚዛን ላይ ቢወጣ ግን ከ20 ኪሎ ብዙም አይዘልም፤ ሴቷ ደግሞ የዚያ ግማሽ ናት። በሰሜን ተራሮች ሣር ሲነጭ የሚውለው ጭላዳም በክብደት ከዚሁ አይርቅም።

ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በፊት ግን በአፋር ቆላና በኮንሶ ከእነዚህ ሁለቱ ሦስት እጥፍ በላይ የሚከብድ የጭላዳ ዘመድ ይኖር ነበር። ሳይንሳዊ ስሙ ቴሮፒቴከስ ኦስዋልዲ ነው። አማርኛ የራሱን ስም ስላላወጣለት እዚህ «ግዙፉ ጭላዳ» እያልን እንጠራዋለን። ስለዚህ እንስሳ ከምናውቀው አብዛኛው የተገኘው ከራስ ቅሉ፣ ከመንጋጋውና ከጥርሱ ነው። ሰው ስለ ጠፉ ግዙፍ ፍጥረታት ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ያህል ነበር?» ብሎ ነው። ራስ ቅል ደግሞ ከሁሉ ደካማ መልስ የሚሰጠው ለዚሁ ጥያቄ ነው። ምን ይበላ እንደነበር በጣም ያስረዳል፤ ስለ ፆታው በደንብ ይናገራል፤ ስለ ኑሮው ጥቂት ይጠቁማል፤ ግዝፈቱን ግን በግምት ብቻ ይሰጣል። በጋዜጣና በቴሌቪዥን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ በኪሎ የተገለጸው ቁጥር ፊት ይወጣና ጥርሱ ይረሳል። እዚህ በትክክለኛው መንገድ ለመሄድ እንሞክር።

የታሪኩ መነሻ ኬንያ ነው። ፊሊክስ ኦስዋልድ የተባለ እንግሊዛዊ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ ከካንጄራ ያመጣቸውን አጥንቶች የለንደኑ ቻርልስ አንድሩስ መረመራቸውና እ.ኤ.አ. በ1916 ለእንስሳው የሰብሳቢውን ስም ሰጠው። የሌላው ግዙፍ ጭላዳ ስም ደግሞ ከኦሞ ወንዝ ጋር የተያያዘ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ከጅቡቲ ተነሥቶ በሐረር በኩል ወደ ውስጥ የዘለቀ የፈረንሳይ ጉዞ ነበር፤ የሚመራው ዱ ቡርግ ደ ቦዛ ሲሆን ሐኪሙ ኤሚል ብሩምፕት ይባላል። ከኦሞ ሸለቆ ቅሪተ አካል ወደ አውሮፓ ያደረሰው የመጀመሪያው ይህ ቡድን ነው። ካሚል አራምቡርግ እ.ኤ.አ. በ1932 እና በ1933 ኦሞ ላይ ቆፍሮ ካገኛቸው አጥንቶች መካከል ለአንዱ እንስሳ ብሩምፕቲ የሚል ስም የሰጠው ለዚያ ሐኪም መታሰቢያ ነው። ከዚያ በኋላ ሐዳር፣ ወራንሶ ሚሌ፣ ቦዶ፣ ቡሪና ኮንሶ እየተጨመሩ ኢትዮጵያ ለዚህ የዘር ሐረግ ከዋነኞቹ መዝገቦች አንዷ ሆነች። በእነዚህ ቦታዎች የሰው ቀደምት ዘመድ አንድ ጥርስ ሲገኝ ዓለም ይሰማል። ከዚያው አፈር በብዛት የሚለቀመው የጭላዳ መንጋጋ ግን ቁጥር ተጽፎበት አዲስ አበባ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም መደርደሪያ ይገባል፤ ዜና አይሆንም። በእኔ እይታ ይህ አድልዎ ነው። ብዛት ያለው ማስረጃ ከብርቅዬው ይልቅ ብዙ ጊዜ የተሻለ ምስክር ነው፤ ከመቶ መንጋጋ ወንዱን ከሴቷ፣ ግልገሉን ከአሮጌው መለየት ይቻላል፤ ከአንድ መንጋጋ ግን አይቻልም።

አሁን ራስ ቅሉን እንመልከት። የሐማድሪያስንና የጭላዳን ራስ ቅል ጎን ለጎን ብናስቀምጥ ልዩነቱ ባለሙያ አይጠይቅም። የሐማድሪያስ አፍንጫና አፍ እንደ ውሻ ወደፊት ረዝሟል። የጭላዳው ፊት አጠር ብሎ ከላይ ወደ ታች ጥልቅ ነው፤ የታችኛው መንጋጋ የኋላ ክንፍም ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ምክንያቱ የጡንቻ ጉዳይ ነው። መንጋጋን የሚዘጉ ዋና ጡንቻዎች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ከጆሮ ግንድ በላይ ካለው የራስ ጎን ይነሣል፣ ሌላው ከጉንጭ አጥንት። ጥርሱ ለእነዚህ ጡንቻዎች በቀረበ መጠን የንክሻው ኃይል ይጨምራል። ረጅም አፍ ፍሬ ለመቅጠፍና ክራንቻ ለማሳየት ይመቻል። ቀኑን ሙሉ ሲያላምጥ ለሚውል እንስሳ ግን አጭርና ጥልቅ ፊት ይሻላል። በግዙፉ ጭላዳ ወንዶች ላይ የጎን ጡንቻዎቹ በጣም ከመፋፋታቸው የተነሣ በራስ ቅሉ አናት ላይ ተገናኝተው አጥንቱን እንደ ሸንተረር ከፍ አድርገውታል። ሸንተረሩ አጥንት ላይ የተጻፈ የማላመጥ ታሪክ ነው።

ጥርሶቹም ያንኑ ያጸናሉ። የፊት ጥርሶቹ ለአካሉ ሲታዩ ትንንሽ ናቸው። የዛሬው ጭላዳ ሣሩን የሚነጨው በጣቶቹ ነው፤ ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ እየሰበሰበ ወደ አፉ ያደርሳል። እጅ የቅጠፋውን ሥራ ከወሰደ የፊት ጥርስ መግዘፍ አያስፈልገውም። የመንጋጋ ጥርሶቹ በተቃራኒው ትልልቅ፣ ቁመታቸው ረጅም፣ ገጻቸውም የተጠማዘዘ እጥፋት የበዛበት ነው። ሣር በውስጡ ጥርስን የሚፍቅ ሲሊካ አለው፤ ከመሬት ተነጭቶ የሚበላ ምግብ ደግሞ አቧራና አሸዋ አያጣም። ጥርሱ ሲበላ እጥፋቶቹ እየተከፈቱ ስለታማ ጠርዝ ይሠራሉ፤ ስለዚህ ጥርሱ ቢያረጅም ሣር የመቁረጥ አቅሙን ቶሎ አያጣም። ከሐዳር እስከ ቦዶ ያሉትን በዕድሜ ተራ ብንደረድራቸው፣ ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በላይ ከሆናቸው ከአንድ ሚሊዮን በታች ወደሆናቸው በተጠጋን ቁጥር የመንጋጋ ጥርሱ እየገዘፈና እየተወሳሰበ ሲሄድ፣ የፊት ጥርሱና የወንዱ ክራንቻ ከአካሉ አንጻር እያነሱ ሲመጡ እናያለን። ይህ ከአንድ ናሙና የተቀዳ ግምት አይደለም፤ ብዙ መንጋጋ የመሰከረበት ነው።

እስካሁን የተናገርነው ቅርጽን ነው። ቅርጽ እንስሳው ለምን ምግብ እንደተዘጋጀ ያሳያል፤ በእርግጥ ምን እንደበላ ግን ሌላ ማስረጃ ይጠይቃል። ያንን የሚሰጠው በጥርሱ ጠንካራ ልባስ ውስጥ የቀረው ካርቦን ነው። ዕፅዋት ከአየር ካርቦን የሚይዙበት መንገድ አንድ ዓይነት አይደለም። የቆላ ሣሮች አንዱን መንገድ ይከተላሉ፤ ዛፍ፣ ቁጥቋጦና አብዛኛው ፍሬ ሌላውን። ሁለቱ መንገዶች ካርቦን 13 የተባለውን ከባድ ካርቦን የሚይዙበት መጠን ስለሚለያይ ልዩነቱ ከበላተኛው ጥርስ ላይ ይቀራል፤ ሚሊዮን ዓመት አልፎም ይለካል። ለጅጅጋ አንባቢ ቀረብ ለማድረግ፦ ማሽላ፣ በቆሎና ጤፍ ከቆላ ሣሮቹ ወገን ናቸው፤ ስንዴ፣ ገብስና ጫት ከሌላው። እንጀራ የሚበላ ሰው ጥርስ ቢለካ የሣር ሜዳ ከብት ዓይነት ምልክት ያሳያል ማለት ነው። ለዚህ ነው ልኬቱ ብቻውን የማይበቃው፤ ከቅርጹ ጋር መነበብ አለበት።

ቱሬ ሰርሊንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 በኬንያ የተገኙ የቴሮፒቴከስ ጥርሶችን በዚህ መንገድ ለክተው ነበር። ከአራት ሚሊዮን ዓመት በፊት ከምግባቸው 65 በመቶ ገደማ ከቆላ ሣር ወገን ሲሆን፣ አንድ ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ሲደርስ ወደ ሙሉ በሙሉ ተጠግቷል። ጥርሱ እየተለወጠ የሄደበት አቅጣጫና የካርቦኑ አቅጣጫ ገጠሙ። አንድ ዝርያ ይህን ያህል በአንድ ምግብ ላይ ሲጠቃለል በጥንታዊ ዝንጀሮዎች ዘንድ የተለመደ አይደለም።

እዚህ ላይ ሰሜን ተራሮች ሄዶ የዛሬውን ጭላዳ ጥርስ የሚለካ ሰው ግራ ይጋባል። እንስሳው ሣር ሲነጭ በዓይን እየታየ ካርቦኑ እንደ ዛፍ ቅጠል ይነበባል። ምሥጢሩ ከፍታው ነው፤ በብርዳማው ደጋ የሚበቅሉት ሣሮች እንደ ስንዴና ገብስ ሌላውን መንገድ ይከተላሉ። ከደጋ የተገኘ ጥርስ ቢኖረንና የእንስሳውን አኗኗር ባናውቅ ኖሮ «ቅጠል በል ነበር» ብለን እንፈርድ ነበር።

ተመሳሳይ ስሕተት በሌላ አቅጣጫ በእርግጥ ተፈጽሟል። ኦሞ ላይ የተገኘው ብሩምፕቲ የተባለው ዘመድ አስገራሚ ፊት አለው፤ የወንዱ ጉንጭ አጥንቶች ወደፊትና ወደ ጎን ተዘርግተው እንደ ጋሻ ይታያሉ፤ አፉም ከኦስዋልዲ ይረዝማል። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ፍራንሲስ ክላርክ ሃወልና ኢቭ ኮፐንስ በመሩት ዓለም አቀፍ የኦሞ ጥናት የተሟሉ ራስ ቅሎች ወጡ፤ ጄራልድ ኤክና ኒና ጃብሎንስኪ በዝርዝር መረመሯቸው። አጥንቶቹ ከወንዝ ዳር ደን ጋር በተያያዘ አፈር ውስጥ ስለሚገኙና ፊቱም ልዩ ስለሆነ ብሩምፕቲ የደን ቅጠልና ፍሬ ይበላ ነበር የሚለው ሐሳብ ሥር ሰደደ። የ2013ቱ ልኬት ግን የብሩምፕቲም ጥርስ የቆላ ሣር ምልክት በብዛት እንዳለበት አሳየ። ደን ውስጥ መኖርና ከደኑ መብላት አንድ አይደሉም። በጠዋት ከገደሉ ወርዶ ሜዳ ላይ የሚውለውን ሐማድሪያስ ያየ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም።

ከምግብ ቀጥሎ ራስ ቅል ጠንከር ያለ ቃል የሚሰጠው ስለ ፆታ ነው። በዝንጀሮ ወገን የወንዱ ክራንቻ ከሴቷ እጅግ ይበልጣል። ጥርሱ ወድቆ ቢጠፋ እንኳ ሥሩ የተተከለበት ጉድጓድ መንጋጋው ላይ ይቀራል፤ ወንድ መሆኑ ከዚያ ይታወቃል። ሦስተኛዋ የመንጋጋ ጥርስ በቅላ መጨረሷ ወይም ገና አጥንት ውስጥ መሆኗ ደግሞ አዋቂና ግልገልን ይለያል። ግዙፉ ጭላዳ ላይ ወንዱ ከሴቷ በጣም እንደሚበልጥ በዚህ መንገድ ታውቋል። ወንዶች እንዲህ ሲገዝፉ ብዙውን ጊዜ በሴቶች ላይ እርስ በርስ ስለሚፎካከሩ ነው። እስከዚህ ድረስ መሄድ ይቻላል።

ከዚያ በላይ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ግን መጀመሪያ ኤረርን ይጠይቅ። ኤረር በሶማሌ ክልል በሲቲ ዞን፣ በድሮው የጅቡቲ ባቡር መስመር ላይ ያለች ከተማ ናት። ስዊዘርላንዳዊው ሐንስ ኩመር ከፍሬድ ኩርት ጋር እ.ኤ.አ. በ1960 እና በ1961 ኤረር ጎታ ተቀምጦ ሐማድሪያስን አጥንቷል። የዝንጀሮ ማኅበራዊ ኑሮ ጥናት ሲነሣ ስሙ እስከ ዛሬ የሚጠራው በዚያ ሥራ ነው። ኩመር ያየው እንዲህ ነው፤ አንድ ወንድ ጥቂት ሴቶችን ይዞ ይኖራል፤ ሴቷ ከራቀች አሯሩጦ አንገቷን ነክሶ ይመልሳታል። ብዙ እንዲህ ያሉ ቤተሰቦች አብረው ይጓዛሉ፤ ሲመሽ በመቶ የሚቆጠሩት አንድ ገደል ላይ ያድራሉ። የሐማድሪያስ ቤት የሚቆመው በወንዱ ነው።

ጭላዳም ከሩቅ ሲታይ እንዲሁ ነው፤ አንድ ወንድ፣ ብዙ ሴቶች፣ ከዚያም በመቶ የሚቆጠር መንጋ። ውስጡ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ቤቱን የሚያቆሙት ሴቶቹ ናቸው፤ እኅትማማቾችና እናት ከልጅ አብረው ይቀመጣሉ፣ ወንዱ ግን መጥቶ የሚሄድ ነው፤ ሌላ ጠንካራ ሲመጣ ይተካል። የሁለቱን ራስ ቅል ለሚለካ ሰው ሁለቱም «ወንዱ ትልቅ፣ ሴቷ ትንሽ» ከማለት በላይ አይነግሩትም። ስለዚህ ግዙፉ ጭላዳ «ሚስቶቹን የሚጠብቅ አባወራ ነበር» ወይም «ሴቶች የሚያስተዳድሩት ነበር» የሚል ጽሑፍ ስታነቡ፣ ያ ከአጥንት የመጣ ሳይሆን ከዛሬዎቹ እንስሳት የተበደረ መሆኑን ልብ በሉ። ብድሩ ምክንያታዊ ሊሆን ይችላል፤ ግን ብድር ነው።

አሁን ወደ ኪሎው። የሞተ እንስሳ አይመዘንም፤ የሚደረገው ይህ ነው። ክብደታቸው የታወቀ የዛሬ ዝንጀሮዎችና ጦጣዎች ተሰብስበው የጥርሳቸው ስፋት፣ የራስ ቅላቸው ርዝመት፣ የጭን አጥንታቸው ውፍረት ይለካል። ከልኬቱና ከክብደቱ ግንኙነት ቀመር ይወጣል፤ ቅሪተ አካሉ በቀመሩ ይሰላል። ችግሩ ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው፣ ከዛሬዎቹ ዝንጀሮዎች ሁሉ የሚበልጥ እንስሳ ሲሰላ ቀመሩ ከተሠራበት ክልል ውጭ ይወጣል። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ የቴሮፒቴከስ ወገን ከላይ እንዳልነው የመንጋጋ ጥርሱን ከአካሉ በላይ ያገዘፈ ነው። ጥርሱን ለክቶ አካሉን የሚገምት ሰው የሣር በላተኛነቱን ለግዝፈት ይቆጥርለታል። ለዚህ ነው ለአንድ ዝርያ ወንድ ከ60 ኪሎ ጀምሮ ከ80 በላይ፣ አልፎም ከ100 የሚያልፍ ቁጥር የምናገኘው። ሸክም የሚችለው የእግርና የክንድ አጥንት ከጥርስ ይልቅ ይታመናል። በምሥራቅ አፍሪካ፣ ኦልዱቫይና ኦሎርጌሳይሊ በተባሉ ቦታዎች ላይ እንዲህ ያሉ አጥንቶች መገኘታቸው ነው እንስሳው በእርግጥ ትልቅ እንደነበር፣ የኋለኞቹ ወንዶችም ከሴት ጎሪላ ጋር የሚቀራረቡ እንደነበሩ ለመናገር ያስደፈረው። ከዚያ የበለጠ እርግጠኛ የሆነ ጸሐፊ ካጋጠማችሁ ቁጥሩን ከየት እንዳመጣው ጠይቁ።

ለሐረርጌ መንገድ ቅርብ የሆነው የጮሮራ ግኝት ይህን ጥንቃቄ በደንብ ያስተምራል። ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በአፋር ስምጥ ሸለቆ ደቡባዊ ጠርዝ፣ ገን ሱዋ፣ ብርሃነ አስፋውና ዮናስ በየነ ያሉበት የጃፓንና የኢትዮጵያ ቡድን ዘጠኝ ጥርሶች አገኘ፤ ቢያንስ የሦስት እንስሳት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 ቾሮራፒቴከስ አቢሲኒከስ ተብሎ ተሰየመ። ጥርሶቹ በመጠን ከጎሪላ ጋር የሚስተካከሉ ናቸው፤ ውስጣቸው በኤክስሬይ ሲታይም እንደ ጎሪላ ቃጫ የበዛበት ቅጠል ለመቁረጥ የተዘጋጀ ጠርዝ ፍንጭ አለባቸው። ዕድሜው መጀመሪያ ከ10 ሚሊዮን ዓመት በላይ ተብሎ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የአካባቢው የእሳተ ገሞራ አመድ እንደገና ሲመረመር ወደ 8 ሚሊዮን ዝቅ አለ። የጎሪላ ቅድመ አያት ነው ወይስ ተመሳሳይ ምግብ ስለበላ ተመሳሳይ ጥርስ ያወጣ ሌላ ዝርያ? ዘጠኝ ጥርስ ይህን አይፈታም። ራስ ቅል ቢኖር የአፍንጫው፣ የቅንድቡ፣ የላንቃው ቅርጽ ክርክሩን ብዙ ያጠበው ነበር።

በዓለም ዝነኛው ግዙፍ ዝንጀሮም ያው ችግር አለበት። የደቡብ ቻይናው ጂጋንቶፒቴከስ እ.ኤ.አ. በ1935 የታወቀው ራልፍ ፎን ከኒግስቫልድ ሆንግ ኮንግ ውስጥ መድኃኒት ቤት «የዘንዶ ጥርስ» ተብሎ የሚሸጥ የመንጋጋ ጥርስ አይቶ ነው። ከዚያ ወዲህ ከዋሻ የወጣው ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ጥርስና አራት የታችኛ መንጋጋ ነው፤ ራስ ቅል አንድም የለም። በሥዕልና በፊልም የምናየው ፊት በሙሉ የሠዓሊ ፈጠራ ነው፤ ሦስት ሜትር ቁመትና 300 ኪሎም ከመንጋጋ የተዘረጋ ስሌት ነው። ከቅርጽ የተሻለ መረጃ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2019 ከአንድ ጥርስ ልባስ የተገኘው ፕሮቲን ነው፤ እንስሳው የኦራንጉታን የሩቅ ዘመድ መሆኑ በዚያ ጸና። ራስ ቅል መኖሩ ምን ያህል ልዩነት እንደሚያመጣ ለማየት ማዳጋስካርን ማሰብ ይበቃል። እዚያ ከጠፉት ግዙፍ ሌሙሮች አንዱ የሆነው ሜጋላዳፒስ 30 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ራስ ቅል ትቶ አልፏል፤ የላይ ፊት ጥርስ የለውም፣ የዓይኑ ጉድጓዶች ወደ ጎን ዞረዋል፣ የአፍንጫው አጥንት ወደፊት ረዝሟል። ይህን ከጥርስ ብቻ ማንም ሊገምተው አይችልም ነበር።

የግዙፉ ጭላዳ አንጎልስ? የራስ ቅል ውስጠኛው ባዶ ቦታ የአንጎሉን ልክ ይይዛል። አካሉ ሲገዝፍ አንጎሉ በዚያው ልክ አልተከተለም። በዚያው ዘመን፣ በዚያው ሸለቆ፣ ብዙ ጊዜ በዚያው የአፈር ንጣፍ ውስጥ የነበረው የሰው ዘር ግን በአንጎል እየገፋ ነበር። ሁለቱ ተገናኝተዋል። ኬንያ ኦሎርጌሳይሊ ላይ የብዙ ግዙፍ ጭላዳዎች የተሰባበረ አጥንት ከብዙ የድንጋይ መጥረቢያ ጋር አንድ ላይ ተገኝቷል። ፓት ሺፕማንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1981 የታረዱ ናቸው አሉ፤ ሌሎች ውኃ የሰበሰባቸው ሊሆኑ ይችላሉ ብለው ተከራከሩ። ለመጥፋቱ ምክንያት የሰው እጅ ነው ብሎ ከዚህ አንድ ቦታ መደምደም ግን ችኮላ ነው። ከደቡብ አፍሪካ እስከ አልጄሪያ፣ ወደ ስፔንና ሕንድ ጭምር ተስፋፍቶ የነበረ እንስሳ ነው። ቆላ ላይ በሣር ብቻ የሚኖር ትልቅ አካል ከሰኮና ባለቤቶቹ ጋር ግጦሽ መሻማት ነበረበት፤ ድርቅና እርጥበት ሲፈራረቁ አማራጭ ምግብ አልነበረውም። በመጨረሻም ከጥቂት መቶ ሺህ ዓመታት በፊት ዱካው ይጠፋል። የዛሬው ጭላዳ ልጁ አይደለም፤ ከሌላ ቅርንጫፍ የመጣ ነው፤ ሌላ ዝንጀሮ የማይሻማው ብርድ ላይ ወጥቶ ተረፈ። ያም ቢሆን ሰሜን ብቻ አይደለም። አኪዮ ሞሪና ጉርጃ በላይ እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጥናት አርሲ ውስጥ በዋቢ ሸበሌ ገደል የሚኖር ሌላ የጭላዳ ወገን አሳውቀዋል። ወንዙ ወርዶ የሚያጠጣው የሶማሌ ክልልን ነው።

እንግዲህ ጅጅጋና ደምበል አካባቢ ለምን እንዲህ ያለ ራስ ቅል አልተሰማም? የመጀመሪያው መልስ የድንጋዩ ዕድሜ ነው። በጅጅጋ ደጋ ላይ በሰፊው የተዘረጋው የኖራ ድንጋይ የዳይኖሰር ዘመን የባሕር ወለል ነበር፤ በዚያ ጊዜ ዝንጀሮ የሚባል ፍጥረት አልነበረም። አፋርና ኦሞ ላይ ስምጥ ሸለቆው እየሰመጠ ደለል ተቀበለ፣ እሳተ ገሞራው አመድ ነሰነሰበት፣ አጥንት ተቀበረ፣ አመዱም ዕድሜውን ለመለካት አስቻለ። ይሁንና የኖራ ድንጋይ ዋሻ ይሠራል፤ ዋሻም አጥንት ያስቀምጣል። ድሬዳዋ አጠገብ ያለውን የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ቴይላርድ ደ ሻርዳንና ሄንሪ ደ ሞንፍሬ እ.ኤ.አ. በ1929 አግኝተውት፣ በ1933 ሲቆፈር የጥንት ሰው መንጋጋ ወጥቶበታል። ጎዳ ቡቲቻ የተባለው ሌላ ዋሻም የሰው አጥንት ሰጥቷል። ከኤረር እስከ ሽንሌና ደምበል ያለው ቁልቁለት ደግሞ ፊቱን ወደ አፋር የስምጥ ሸለቆ ያዞረ ነው። ስለዚህ «እዚያ የለም» ከማለት «እዚያ በቂ አልተፈለገም» ማለቱ ለእውነት ይቀርባል።

ከዚህ የሚከተለው ለአካባቢው ሰው የሚቀርብ ጥያቄ ነው። በድንጋይ ካባ፣ በጉድጓድ ውኃ ቁፋሮ ወይም በዋሻ ውስጥ ድንጋይ የሆነ ጥርስ፣ መንጋጋ ወይም ራስ ቅል ካጋጠማችሁ አታንሡት፣ አትጠቡት፣ አትሽጡት። ከአፈሩ የተነቀለ ጥርስ ዕድሜውን የሚናገርበትን ንጣፍ አብሮ ያጣል፤ የሆንግ ኮንጉ ጥርስ ከየትኛው ዋሻ እንደመጣ በጊዜው ማንም ሊናገር አልቻለም ነበር። ፎቶ አንሡ፣ ቦታውን በምልክት ያዙ፣ ከዚያም ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ማንኛውም ሰው ማሳወቅ እንዳለበት ይደነግጋል፤ ቅሪተ አካልም ከዚሁ ይቆጠራል።